ከአሮጌ ጋቢና ከአባት ሱሪ፦ ልጅ ላለበት ቤት በእጅ የሚሰፉ ነገሮች

ሁለተኛ ልጄን ልወልድ ሁለት ወር ሲቀረኝ እናቴ አንድ አሮጌ ጋቢ ይዛልኝ መጣች። መሃሉ ሳስቷል። ጥለቱ ደብዝዟል። አንዱ ጫፍ በከሰል ፍንጣሪ ተበስቷል።

«ይሄን ምን ላደርገው ነው?» አልኳት።

«የሽንት ጨርቅ ነዋ! አንቺስ በምን ያደግሽ መሰለሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ጋቢ አስር የሽንት ጨርቅ፣ አራት የለሃጭ መቀበያና ሌላም ትንንሽ ነገር ወጣ። ያወጣሁት የክርና የመርፌ ዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጨርቅ ከመጣሉ በፊት ሁለት ጊዜ ይታያል። ብዙ ሰው «የስፌት መኪና የለኝም» ብሎ ስፌት ይተወዋል። እዚህ የምጽፈው ሁሉ በእጅ የሚሰፋ ነው። ሲንጀር ያለው ሰው ቶሎ ይጨርሳል እንጂ ሥራው ያው ነው።

አዲስ ጨርቅ ለመግዛት አትቸኩሉ። ለሕፃን ቆዳ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ከአዲስ ጨርቅ ይሻላል። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ማጠንከሪያ ይኖረዋል፤ ሲታጠብም ይሸበሸባል፣ ይገባል። አሮጌው ግን የሚገባውን ገብቶ፣ የሚለሰልሰውን ለስልሶ ጨርሷል።

መጀመሪያ ጨርቁን ለዩ

ጨርቅ የምታገኙባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉ በፊት የራሳችሁን ቁም ሳጥን አውጡ። አንሶላ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ፎጣ፣ አንገቱ የተበላ ሸሚዝ፣ ዚፑ የተበላሸ ሱሪ። ቀጥሎ የሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱ። ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ የሚከማችበት ማዳበሪያ አይጠፋም። በትህትና ከጠየቃችሁት ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጣችኋል። ልባሽ ተራ ደግሞ ትልቅ ቁጥር ያለው የወንድ ሸሚዝና የአልጋ አንሶላ ፈልጉ። ትልቅ ልብስ ማለት ብዙ ጨርቅ ማለት ነው።

ጨርቁ ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር? ይህን ሳታውቁ መቀስ አታንሱ። ለሽንት ጨርቅ፣ ለፎጣና ለድስት መያዣ ጥጥ ብቻ ነው የሚሆነው። የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር እመዛለሁ፤ በወረንጦ ይዤ የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ላይ እለኩሰዋለሁ። የተቃጠለ ወረቀት ከሸተተና በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ከሠራ ፖሊስተር ነው። አመድም ጠጠርም ካለው ድብልቅ ነው። ልጆች አጠገባችሁ በሌሉበት ሰዓት አድርጉት።

ከዚያ ጨርቁን በሙቅ ውሃ እጠቡትና ብርሃን ላይ ዘርጉት። መስኮት ላይ ስታንጠለጥሉት የሳሳው ቦታ ወለል ብሎ ይታያል። እዚያ ላይ አትቁረጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁለት ዓይነት መርፌ፣ ቀጭንና ወፈር ያለ። ነጭና ጥቁር ክር። ጨርቅ ብቻ የሚቆርጥ መቀስ፤ ወረቀትና ፌስታል የሚቆርጥበት መቀስ ጨርቅ ላይ ሲደርስ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ሜትር። እስፒል። ሁለት ትልልቅ መርፌ ቁልፍ። ካውያ።

ለምልክት ጠመኔ አትግዙ። አልቃ የሳሳች የገላ ሳሙና ከጠመኔ ትበልጣለች። ጠርዟ እንደ ቢላ ይሆናል፣ መስመሩ በደንብ ይታያል፣ ሲታጠብም ራሱ ሳሙና ስለሆነ ይለቃል።

ክሩን ከጣታችሁ እስከ ክርናችሁ ካለው ርዝመት ብዙም አታስረዝሙት። ረጅም ክር ይቋጠራል፣ ይጠመዘዛል፣ ትዕግሥትም ያስጨርሳል። ሌላው ያልተጻፈ ብልሃት ጧፍ ነው። ክሩን ጧፉ ላይ አስደግፋችሁ በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ አንድ ጊዜ ሳቡት። ሰሙ ክሩን ያጠነክረዋል፣ መቋጠሩንም ይተዋል።

ሦስት ስፌት ከቻላችሁ ሁሉን ትሠራላችሁ

አንደኛው መወስወስ ነው። መርፌው ወደ ላይ ወደ ታች እያለ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ጨርቅ እንዳይንሸራተት ለጊዜው መያዣ ነው፤ በኋላ ተመዞ ይወጣል።

ሁለተኛው ወደ ኋላ እየተመለሱ መስፋት ነው። ልብስ የሚይዘው ይሄ ነው። መርፌውን ከታች ወደ ላይ አውጡ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ውጉ። ከጨርቁ ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ሄዳችሁ አውጡ። እንደገና ወደ ኋላ፣ የፊተኛው ስፌት ያለቀበት ቀዳዳ ላይ ውጉ። ከላይ ሲታይ እንደ መኪና ስፌት የተያያዘ መስመር ይሆናል። ልጅ ቢስበው፣ ቢቀመጥበት፣ ቢወጣበት አይተረተርም።

ሦስተኛው መዘምዘም ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ዙሪያውን እየጠመጠሙ መስፋት። አሰልቺ ነው። ግን አትዝለሉት። እኔ የመጀመሪያዎቹን የሽንት ጨርቆች ሳልዘመዝም ነበር የሰፋሁት። ጋቢ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ድሩና ማጉ ልቅ ነው። በመጀመሪያው እጥበት ጠርዙ ተመዝዞ ስፌቱን አለፈው። ሦስቱን ጣልኳቸው። የቀሩትን ዘምዝሜ ሰፋሁ፤ እስከ ዛሬ አሉ።

የሽንት ጨርቅ ከጋቢ

ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ነጠላ ደግሞ ሁለት። ለዚህ ሥራ ጋቢ የሚመረጠውም ለዚህ ነው፤ ድርቡን ራሳችሁ መሥራት አይጠበቅባችሁም።

1. ጋቢውን ወለል ላይ ዘርጉት። አራቱም ድርብ በአንድነት መተኛታቸውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አረጋግጡ። የሸሸ ካለ ጎትታችሁ አስተካክሉ።

2. በሳሙናዋ 40 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘኖች ሥሩ። የሳሳውንና የተበሳውን ቦታ ዝለሉ። ያም ቢሆን ሥራ አለው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

3. ከመቁረጣችሁ በፊት ከመስመሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ወስውሱ። ይህ ዋናው ነገር ነው። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ አራቱ ድርብ አራት ቦታ ይሄዳሉ።

4. ቁረጡ። ጠርዙን ዘምዝሙ።

5. ጠርዙን አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ቀምቅሙት። ጥግ ጥጉ ላይ ጨርቁ ስለሚወፍር ወፍራሙን መርፌ ተጠቀሙ።

6. መሃሉ ላይ በቁመት ሁለት መስመር ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ስፉ። ድርቡ ሲታጠብ እንዳይሰበሰብ የሚይዘው ይሄ ነው። ሲታጠፍም መስመሩን ተከትሎ ሦስት ቦታ ይታጠፋል።

7. የወሰወሳችሁትን ክር ምዘዙ። የተንጠለጠለ ክር አንድም አታስቀሩ።

ይህን የመጨረሻውን በቁም ነገር ያዙት። የላላ ክር የሕፃን እግር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ካልሲና ጓንት ውስጥ ያለ ክርም እንዲሁ። ልጁ ያለ ምክንያት አልቅሶ እምቢ ካለ ጣቶቹን አንድ በአንድ እዩ።

ሲለበስ ሦስት ቦታ አጥፋችሁ በቁመቱ በእግሩ መሃል ታስገቡታላችሁ፤ ከላይ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይይዘዋል። ለወንድ ልጅ የፊቱን፣ ለሴት ልጅ የመሃሉን አጥፎ ማወፈር ጥሩ ነው።

ስለ አጠባው አንድ ሁለት ነገር ልበል። ዓይነ ምድሩን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቁ፤ ሙቅ ውሃ ነጠብጣቡን ያጣብቀዋል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። ማለስለሻ አትጠቀሙ፤ ጥጡን ይሸፍነውና ውሃ መምጠጥ ያቆማል። በረኪናም በየቀኑ ከሆነ ጥጡን ይበላዋል። የቆሸሸውን ደግሞ ውሃ በሞላ ባልዲ ዘፍዝፋችሁ ወለል ላይ አትተዉ። ዳዴ የሚል ልጅ ባለበት ቤት ግማሽ ባልዲ ውሃ እንኳ አደጋ ነው። ደረቅ ባልዲ ከነክዳኑ ይበቃል።

አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። ስለዚህ አስር ጨርቅ ብቻውን አይበቃም። እኔ በአሮጌ አንሶላ ስድስት ድርብ አድርጌ ሌላ ስምንት ሰፋሁ። እንደዚያም ሆኖ ዳይፐር አልተውኩም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጨርቅ ብቻ ብሎ መማል እናትን ማድከም ነው። ውሃ ባለበት ቀን ጨርቅ፣ ውሃ በጠፋበት ቀን፣ ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር። ወሩን ሙሉ የሚገዛው ዳይፐር በዚህ ብቻ በግልጽ ይቀንሳል።

የለሃጭ መቀበያ

ጥርስ የሚያወጣ ልጅ በቀን አራት አምስት ጊዜ ደረቱ ይርሳል። ልብሱን ሁሉ ከመቀየር መቀበያውን መቀየር ይቀላል።

አንድ የምግብ ሳህን አሮጌ ቲሸርት ላይ ድፉና ዙሪያውን በሳሙና አስምሩ። ለአንገቱ ደግሞ የቡና ስኒ ማስቀመጫውን ከላይኛው ጠርዝ ገባ አድርጋችሁ ድፉ። ከላይ በኩል ክቡን ክፈቱት፤ ጨረቃ ይመስላል። ቲሸርቱን ለፊት፣ ጋቢውን ወይም ፎጣውን ለጀርባ አንድ አንድ ቁረጡ። ፊታቸውን አያይታችሁ ዙሪያውን ስፉ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። በዚያ በኩል ገልብጡት፣ ካውያ አስነኩት፣ ክፍቱን ዝጉ።

ማሰሪያ ገመድ አትሥሩለት። ሲተኛ አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ትንሽ ቁራጭ ቬልክሮ ከአንገቱ ጀርባ ስፉ፤ ሲጎተት በራሱ ይለቃል። አዝራርም ለጌጥ ብላችሁ አታድርጉ፤ ተነቅሎ አፍ ይገባል። ልጁ ሲተኛ መቀበያውን አውልቁለት።

ከአባት ሱሪ የልጅ ሱሪ

በጣም የምወደው ሥራ ይሄ ነው። ጉልበቱ የሳሳ ወይም ዚፑ የተበላሸ የትልቅ ሰው ሱሪ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ ሱሪ ግማሹ ተሰፍቶ ተቀምጧል። የታችኛው ቅምቅማት አለ። የውጭ ጎኑ ስፌት አለ። እናንተ የምትሰፉት የውስጥ እግሩን፣ የመሃሉንና ወገቡን ብቻ ነው።

መለኪያ ወረቀት አያስፈልግም። ለልጁ አሁን በልኩ የሆነ ሱሪ አምጡ። ላስቲክ ወገብ ያለው ቢሆን ይመረጣል።

የአባትየውን ሱሪ ገልብጡትና አንዱን እግር ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙት። የውጭ ስፌቱ በአንድ ጎን፣ የውስጥ ስፌቱ በሌላ ጎን ይሁን። የልጁን ሱሪ ደግሞ አንዱን እግር ባንዱ ላይ አጥፋችሁ ቁመቱን አስተካክሉ። የመሃሉ ቅስት ሾጠጥ ብሎ እንዲወጣ ጎተት አድርጉት። አሁን የልጁን ሱሪ በአባትየው እግር ላይ አስቀምጡት፦ የውጭ ጎን በውጭ ጎን ላይ፣ የታች ጠርዝ በታች ጠርዝ ላይ።

ዙሪያውን በሳሙና ሥሩ። በውስጥ እግርና በቅስቱ በኩል ለስፌት 1.5 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ከላይ ለላስቲክ ማስገቢያ 4 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። የልጁ ሱሪ ወገብ በላስቲክ ተሰብስቦ ከሆነ በደንብ ወጥራችሁ ሥሩት፤ አለበለዚያ መቀመጫው ላይ ይጠባል። በታችና በውጭ ጎን ምንም አትጨምሩ። ሁለቱንም ድርብ ባንድ ላይ ቁረጡ። በሌላኛው እግርም እንዲሁ። አሁን በውጭ ጎናቸው የተያያዙ ሁለት ቁራጮች ይዛችኋል።

ከሁለቱም ቁራጮች የፊት በኩል የሆነውን ከወገቡ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከውጭ ስፌቱ ጀምራችሁ ቀስ እያለ እንዲወርድ ነው። የኋላው ከፍ ካላለ ልጁ ቁጢጥ ባለ ቁጥር ሱሪው ይወርድበታል።

ከዚያ ስፌቱ እንዲህ ነው።

1. እያንዳንዱን እግር የውስጥ ስፌት ከታች እስከ ብሽሽት ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ስፉ። ጠርዙን ዘምዝሙ።

2. አንዱን እግር ወደ ፊቱ ገልብጡት። ሌላኛው እንደተገለበጠ ይቆይ። ወደ ፊቱ የሆነውን እግር እንደተገለበጠ በቆየው ውስጥ አስገቡት። ሁለቱ ፊቶች ይገናኛሉ፤ የሁለቱ ቅስት አንድ ላይ ሆኖ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይሠራል።

3. የውስጥ ስፌቶቹን አገናኝታችሁ እስፒል ውጉ። የፊቱ ከፊቱ፣ የኋላው ከኋላው ጋር መሆኑን ተመልከቱ። ቅስቱን ከወገብ እስከ ወገብ ስፉ። ከዚያ እዚያው ላይ እንደገና ስፉ። የልጅ ሱሪ መጀመሪያ የሚተረተረው እዚህ ነው።

4. የገባውን እግር አውጡ። ሱሪ ሆኗል።

5. ወገቡን መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ካውያ አስነኩ። ዙሪያውን ስፉ፣ ከኋላ ሦስት ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ።

6. የልጁን ወገብ ለኩና ላስቲኩን ከዚያ አምስት ሳንቲ ሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡ። አንዱን ጫፍ መርፌ ቁልፍ ላይ አስገብታችሁ ዙሪያውን ግፉት። ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ በሌላ መርፌ ቁልፍ ከጨርቁ ጋር ያዙት፤ ካለዚያ ተከትሎ ይገባል። ጫፎቹን ደራርባችሁ ስፉ፣ ክፍቱን ዝጉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የአባት ጉልበት የነበረው ቦታ ልጁ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጫው አካባቢ ይደርሳል። እዚያ ሳስቶ ከሆነ ከተረፈው ጨርቅ ከውስጥ በኩል ገበር አድርጉበት፤ ወይም የአባትየውን የኋላ ኪስ ፈትታችሁ ላዩ ላይ ስፉት። ልጄ ያንን ኪስ ነው ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው። ጠጠር፣ ብይና የከረሜላ ወረቀት ሞልቶበት ይመጣል።

የመጀመሪያው ሱሪ ሁለት ምሽት ይፈጃል። አራተኛው ልጆች ከተኙ በኋላ ባለው በአንድ ምሽት ያልቃል።

ዩኒፎርም ዓመቱን እንዲያደርስ

መስከረም ላይ ዩኒፎርም ሲገዛ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ መግዛት የታወቀ ነው። ችግሩ ልጁ እየጎተተው ጠርዙን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ትርፉን አትቁረጡ፣ እጠፉት። የሱሪውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከላይ በማይታይ ጥቃቅን ስፌት ያዙት። ልጁ ሲያድግ ክሩን ፈትታችሁ ታወርዱታላችሁ። አሮጌው እጥፋት መስመር ይተዋል። ጨርቅ በአቼቶና በውሃ እኩል ነክራችሁ መስመሩን አርጥቡት፣ ከዚያ ካውያ አድርጉበት። ቀለሙ ካልለቀቀ በቀር መስመሩ በጣም ይደበዝዛል። መጀመሪያ ግን በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

ጉልበቱን ደግሞ እስኪቀደድ አትጠብቁ። ሱሪው አዲስ ሳለ ከውስጥ በኩል ጉልበቱ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያክል ጥጥ ጨርቅ ስፉ። ከውጭ አይታይም። ከተቀደደ በኋላ ከሚጣፍ ሳይቀደድ የተደገፈ ዕድሜው ይረዝማል።

የካልሲ ኳስ

ይሄን አባቶች ያውቁታል። የብዙዎቻችን ወንድሞች ሰፈር ውስጥ ያደጉበት ኳስ ነው። ባለቤቴ ሲሠራው እጁ ራሱ ያስታውሳል፤ ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቁርጥራጭ ያቀብለዋል።

ጥንዱ የጠፋበት ረጅም ካልሲ አምጡ። ቁርጥራጭ ጨርቁን በጣም ትንንሽ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ትልቅ ቁራጭ ጎድጓዳ ይፈጥራል። በመሃል አንድ ሁለት የተጨማደደ ፌስታል ብታስገቡ ኳሱ ይቀላል። ካልሲው ጫፍ ድረስ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። የቡጢ መጠን ሲደርስ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙ፣ የቀረውን ካልሲ ወደ ላይ ገልብጣችሁ ኳሱን አልብሱት። እንደገና ጠምዝዙ፣ እንደገና ገልብጡ። ካልሲው እስኪያልቅ። የቀረችውን አፍ በወፍራም ክር ወዲያና ወዲህ እያቋረጣችሁ ስፉ። ሌላ ካልሲ ካለ በላዩ ላይ ድገሙት። ኳሱ በተደረበ ቁጥር ይከብባል።

ቤት ውስጥ ቢመታ መስኮት አይሰብርም፣ ጎረቤትም አያስቀይምም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሕፃናት ግን ፌስታሉን ተዉት። ቢተረተር አፋቸው ይገባል።

የገበያ ቦርሳ

ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የራስ ቦርሳ ይዞ ገበያ መውጣት ግድ እየሆነ ነው። የዱቄት ወይም የሩዝ ማዳበሪያ በጣም ይጠነክራል። በደንብ አጥባችሁ አድርቁት። አፉን አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉ። የተቆረጠው ጠርዝ ይተረተራል፤ ዘምዝሙት። ለእጀታው ከአሮጌ ጂንስ እግር ስምንት ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቁረጡ፣ አራት ቦታ አጥፋችሁ በቁመት ስፉ። እጀታውን ቦርሳው ላይ ስታያይዙ አራት ማዕዘን ሠርታችሁ መሃሉን በመስቀለኛ ስፉ። አምስት ኪሎ ሽንኩርት የሚሸከመው ያ መስቀለኛ ነው።

የተረፈው

አሁን ያ የሳሳው፣ የተበሳው የጋቢ ክፍል ቀርቷል። ለድስት መያዣ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። እስኪወፍር ስድስት ስምንት ድርብ አድርጉትና በላዩ ጠንካራ ጥጥ አልብሱት። ዙሪያውን ስፉ፣ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለት መስመር አሳልፉበት። እዚህ ላይ ፖሊስተር ፈጽሞ እንዳይገባ። ክሩም ጭምር ጥጥ ይሁን። ትኩስ ድስት ላይ ፖሊስተር ይቀልጣል፣ የቀለጠውም እጅ ላይ ይጣበቃል።

ከዚያም ያነሰው ማሰሻ ይሆናል። ጋቢ ለምጣድ የተሠራ ይመስል ለዚህ ሥራ የሚተካከለው የለም። የተወቀጠ ጎመን ዘሩን ይይዛል፣ ምጣዱ ላይ እኩል ያዳርሳል፣ አይቀልጥም። እጅ የሚሞላ አድርጋችሁ አጣጥፉት፣ መሃሉን በሁለት ስፌት ያዙት። ያቺ በፍንጣሪ የተበሳችው የእናቴ ጋቢ ጫፍ አሁን ከምጣዴ ጎን ተቀምጣለች። ቅባት ሲበዛባትና ሲጠቁር በሙቅ ውሃና በሳሙና ቀቅዬ ፀሐይ ላይ አሰጣታለሁ።